ስም የሌለው ጸሎት

ኃይለየሱስ የመድኃኒት ቤታችንን ደጃፍ ሲረግጥ ከመደርደሪያው ኋላ መደበቅ ያምረኛል። ለማጋነን ብዬ አይደለም፤ ወላሂ የምሬን ነው። በዚህ በድሬ ሙቀት ነጭ እጀ ረጅም ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «እንዴት ናችሁ ልጆቼ?» ይላል። ልጆቼ! በስድስት ዓመት ነው የሚበልጠኝ እኮ። ወረፋ የያዘው ሰው ግማሹ ብድግ ይልለታል። እኔ መደርደሪያ የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቱ የምድር ባቡር ጭነት መዝጋቢ ነበሩ፤ ያደገው ከዚራ ሰፈር ነው። እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን እያቀያየረ ይናገራል። ድምፁ ደግሞ የጉድ ነው፤ ሰርግ ሲኖር ማይክ የሚሰጠው ለእሱ ነበር። ከሰርግ ውጪ ግን ሰሚ አልነበረውም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ ልብስ ፋብሪካ መጋዘን ክርና ዚፕ ያድል ነበር፤ አለቆቹ ስሙን እንኳ በትክክል አይጠሩትም። ቤቱ ሲገባ እሱ ወሬ ሲጀምር ሚስቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች። አንጀቴን በላኝና ወደ እሁድ ጨዋታችን የጋበዝኩት እኔው ነኝ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በያዘው!

ጨዋታው የዓብዲ ነው። ዓብዲ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከጅቡቲ የመጣ ዘመዱ አንድ ወፍራም መጽሐፍና እንደ ሉዶ የሚጣሉ ባለ ብዙ ገጽ ዳይሶች አመጣለት። እሱ ታሪኩን ይመራል፣ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን፣ ዋሻ እንገባለን፣ ከጭራቅ እንዋጋለን። ሁሉም በአፍ ነው፤ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይሱ ይወስናል። ስልክ የምትጠግነው ሙኒያ ጦረኛ ሆነች፣ እኔ አስማተኛ ሆንኩ።

በጨዋታው ሕግ ኃይል ሁለት ዓይነት ነው። አስማተኛ ተምሮ ነው የሚችለው፤ መጽሐፉን ጠዋት ጠዋት ያጠናል፣ መጽሐፉ ከጠፋበት እንደኔና እንደናንተ ባዶ እጁን ነው። ጸሎተኛ ደግሞ ምንም አያጠናም፤ ይለምናል፣ ይሰጠዋል። ቁስል የሚያሽር እሱ ብቻ ነው። ግን በተሰጠው ኃይል ካታለለበት ይነጠቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ የመድኃኒት ስምና መጠን ስሸመድድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አስማተኛነቱ ተስማማኝ።

ችግሩ ጸሎተኛ የሚሆን ጠፋ። ሙኒያ «አስተግፊሩላህ! በጨዋታም ቢሆን ለፈጠራ አምላክ አልለምንም አቦ» አለች። ዓብዲ ራሱ እያንገራገረ ነበር፤ እኔም አማተብኩ። እንዲህ ስንግደረደር አራት እሁድ ያለ ጸሎተኛ ዋሻ ገባን፣ አራት እሁድ አለቅን። በአምስተኛው ኃይለየሱስ ሲመጣ «ስም የማይጠራ ጸሎት ብንጽፍስ?» አለ። ጥሩ መላ መሰለን፤ ጸሎተኛነቱንም ለእሱ ሰጠነው። እስክሪብቶ ይዤ ደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ቃል እንዳልወስድ ስጠነቀቅ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

«የተከፈተውን ዝጋ፣ የጎደለውን ሙላ፣ የጋለውን አብርድ፤ የወደቀው ይነሣ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሙኒያ ሁለቴ አንብባ «ይሄ ማንንም አይነካም» አለች። ማንንም እንዳይነካ ብለን የማንም አፍ ላይ የሚገባ ነገር ሠርተናል፤ ያኔ ግን ደስ ብሎን ነበር።

ኃይለየሱስ በዚያ ድምፁ ሲለው ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሰውነትን ውርር ያደርጋል። አንድ እሁድ ከሰዓት የሙኒያ ጦረኛ ቆስላ ወደቀች። እሱ ብድግ ብሎ እጁን ከዳይሶቹ በላይ ዘርግቶ በአማርኛ አለው፣ በኦሮምኛ ደገመው፣ በሶማሊኛ ሠለሰው። የግቢው ባለቤት አዴ ዳሃቦ ቧንቧው ጋ ጀሪካን እየሞላች ነበር። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ አላየችውም።

እንደ እናት «አዴ» የምንላት ዳሃቦ ቀፊራ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። ስኳር አለባት፤ የእግሯ ጣት ቆስሎ ከርሞ ነበር። ቤቷ ፍሪጅ ስለሌለ የኢንሱሊን ብልቃጧ የሚቀመጠው እኛ መድኃኒት ቤት ነው፤ ስሟን በማርከር የጻፍኩበት እኔ ነኝ። ጠዋት ገበያ ስትወጣ፣ አመሻሽ ላይ ስትመለስ ጎራ ትላለች፣ እወጋታለሁ። ያን እሁድ እያነከሰች መጥታ ፊታችን ቆመች። ዕንባዋ ይወርዳል።

«ኃይሌ፣ እሷን እንዳልካት እኔንም በለኝ» አለችው።

«ጨዋታ ነው አዴ» ማለት ይከብዳል? ይከብዳል! አራት ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለን ጭራቅ እያሳደድን መሆኑን ለምታለቅስ እናት ማን አፍ አውጥቶ ይንገራት? ይሉኝታ ያዘን። ዓብዲ ዳይሶቹን መሰብሰብ ያዘ። ኃይለየሱስ አንዴ እኛን አየን፣ አንዴ እሷን አያት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን እግሯ ላይ ዘረጋ። እኔ ደግሞ፣ ይኸው ልናገረው፣ በመዳፌ አፌን ይዤ ሳቅሁ።

ለዚያ ቁስል አሥር ቀን ሙሉ አንቲባዮቲክ ስሰጣትና ፋሻ ስቀይርላት ሰንብቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ደረቀ። ምስጋናው ለማን ሄደ? ቀፊራን ከዳር እስከ ዳር «ኃይሌ አዳነኝ!» እያለች አዳረሰችው። በሚቀጥለው እሁድ ግቢው ውስጥ ሰባት ሰው ቆሞ ጠበቀን። በሦስተኛው እሁድ ኃይለየሱስ ጨዋታ መምጣት ተወ፤ የራሱ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ሠራተኛ ቀንሶ እሱንም ስላሰናበተው ጊዜ አላጣም። ከመልካ ጀብዱ በባጃጅ፣ ከሁርሶ በሚኒባስ ይመጡለት ጀመር። ብር አይቀበልም። ሕዝቡን ያሳበደው ይህ ነው፤ «ሳንቲም አይነካም እኮ» ይላሉ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ የሚፈልገው ብር አይደለም። እሱ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ እንዲል ነው የሚፈልገው። ሚስቱ እንኳ አሁን ቴሌቪዥን ትዘጋለታለች።

አንድ ሐሙስ ፍሪጁን ስከፍት የአዴ ዳሃቦን ብልቃጥ አየሁት። ውስጡ ያለው ካለፈው ሐሙስ ጠብታ አልጎደለም። ሥራ በዝቶብኝ መቅረቷን ልብ አላልኩም ነበር። ነጠላዬን ይዤ ሮጥኩ።

ስደርስ ደጃፏ ላይ ከጎረቤቷ ከናስቲሆ ጋር ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ውኃ በጆግ ትጠጣለች።

«አዴ፣ መርፌሽስ?»

«ኃይሌ ስኳሩ ወጥቷል አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ። ከእንግዲህ ብረት ሥጋዬ ውስጥ አይገባም።»

ደሜ ፈላ። ዓብዲ በስንት መከራ «ጨዋታ ነበር» ብሏት «ቀንተህ ነው» ብላ ከደጇ መልሳዋለች። እኔ ማስረጃ አለኝ ብዬ ደብተሩን ከዓብዲ ክፍል አምጥቼ ፊቷ ዘረጋሁት። ይኸው የእኔ እጅ ጽሑፍ! ይኸው የሰረዝኩት! ይኸው ሙኒያ ሻሂ ያፈሰሰችበት! አዴ ዳሃቦ ማንበብ ስለማትችል ናስቲሆ አነበበችላት። ከጸሎቱ ሥር «ዳይሱ ሁለት ጊዜ ይወርወር» የሚል አለ። ናስቲሆ ጣቷን እዚያ ላይ ተክላ፣ ዓይኗ ፈጦ «ሁለት ጊዜ ይላል! ኃይሌ አንዴ ብቻ ነው ያለው» አለች። አዴ ዳሃቦ ደብተሩን ተቀብላ ሳመችው። ሳመችው! የሻሂ ጠብታ ያለበትን የሃያ አራት ገጽ ደብተር!

«ሃኒ፣ ላንቺ ነው ለካ የተሰጠው» አለችኝ፣ ቀና ብላ እያየችኝ። እንደዚያ ሆኖ የሚያይ ዓይን ከዚያ በፊት በእኔ ላይ አርፎ አያውቅም። ቀፈፈኝ።

ከዚያ በቀጥታ ኃይለየሱስ ጋ። በረንዳው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ሚስቱን ገፋ አድርጌ ወደ ጓዳ ጠራሁት።

«ኃይሌ፣ መርፌውን አቁሚ ብለሃታል?»

«ስኳሩ ወጥቷል ነው ያልኳት። አቁሚ አላልኩም።»

«ሂድና ተወጊ በላት። አሁን! ትሞታለች እኮ!»

«ሃኒዬ፣ ያንቺ ችግር ሁሉን በመጽሐፍ መለካትሽ ነው። ሰው እምነት ካለው…»

ንግግሩን አልጨረሰም። ከጠረጴዛው ላይ የደም ግፊት ኪኒኑን እሽግ አነሣሁት። ከእኔ እጅ የወሰደው ነው፤ «ጠዋት አንድ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቆጠርኩት፤ አንድ ቀን አልዘለለም።

«ይሄስ? ያንተ ግፊት ለምን አልወጣም?»

አንገቱን ደፋ። ይናዘዛል ብዬ ጠበቅሁ። እሽጉን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና ኪሱ ከተተው፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ወደ በረንዳው ወጣ። ወዲያው ያ ድምፁ ተሰማኝ። «የተከፈተውን ዝጋ…» ውጪ ያለው ሰው በአንድ አፍ «አሚን!» አለ። ኤጭ! ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ዓብዲ በዚያች ደቂቃ ኃይሉን ይነጥቀው ነበር። ዓብዲ የዳይስ ጌታ እንጂ የከዚራ ጌታ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ናስቲሆ እየተንደረደረች መጣች። አዴ ዳሃቦ ትቃዣለች፣ እግሯ ይሸታል አለችኝ። ብልቃጡን በበረዶ ይዤ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ያ የዳነ የተባለ ጣት ጠቁሯል። አዴ ዳሃቦ ሲሪንጁን ስታይ ክንዷን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። አልቅሼ ለመንኳት። ሆስፒታል እንሂድ አልኳት። «ከወሰዳችሁኝማ ይቆርጡኛል፤ ይወጉኛል፤ ኃይሌን ጥሩልኝ» ነው መልሷ።

እዚያ ጋ ነው ያደረግሁት። ከተማርኩት ሁሉ የሚጠቅም አንድ ቃል አልነበረኝም። ሲሪንጁን በሁለት መዳፌ መሀል ያዝኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። የኃይለየሱስን ድምፅ በራሴ ጉሮሮ ስሰማው ዘገነነኝ።

«የተከፈተውን ዝጋ፣ የጎደለውን ሙላ፣ የጋለውን አብርድ፤ የወደቀው ይነሣ። አዴ፣ ቃሉ ሁለት ጊዜ ነው፤ ናስቲሆ አንብባልሻለች። አንዱ በአፍ ነበር፣ እሱ አልቋል። የቀረው በመርፌ ነው፣ ጠዋትና ማታ። ሆስፒታሉም አብሮ ነው።»

«ላንቺ ነው የተባለው?»

«ለእኔ ነው የተባለው» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ሆስፒታል ሁለት ጣት ቆረጡላት፤ እግሯ ተረፈ። ኃይለየሱስ ሲሰማ ምን አለ መሰላችሁ? «እምነቷ ጎድሎ ነው።» ዓብዲ ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ «ከአስማተኛ ወደ ጸሎተኛ ተሻገርሽ በቃ» አለና ሊስቅ ሞከረ። አላሳቀኝም። የእሁዱ ጨዋታ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል፤ ዳይሶቹ ዓብዲ መስኮት ላይ አቧራ ለብሰዋል።

ይኸው አሁን በየቀኑ ሁለቴ ሲሪንጅ ይዤ አነበንባለሁ። አንድ ጠዋት ቸኩዬ ዝም ብዬ ልወጋት ስል ክንዷን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ በኋላ ዘልዬ አላውቅም። ወረፋ የያዙት ይሰማሉ፤ አንዱ የሳል ሽሮፑን፣ አንዷ የልጇን ጠብታ «እሱንም በይበት» እያሉ ያቀርቡልኛል። የኃይለየሱስ በረንዳ ሰው ቀነሰ አሉ።

ባለፈው ሰኞ ኪኒኑን ሊወስድ መጣ። አዴ ዳሃቦ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰብስባ ተራዋን ትጠብቃለች። እሽጉን ሰጠሁት። አልሄደም።

«ምን ቀረህ?»

«ቃሉስ?» አለኝ።

እያፌዘ ነው ብዬ ፊቱን አጠናሁት። ፌዝ የለም። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ «ሰሞኑን ግፊቴ አልወርድ ብሏል ሃኒ፤ እባክሽ» አለ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። አንተ ቀጣፊ፣ እሁድ ከሰዓት ሻሂ እየጠጣን በእስክሪብቶ የጻፍነው አይደለም ወይ! ልለው አፌን ከፈትኩ። ከኋላው አዴ ዳሃቦን አየኋት። ቃሉን እንዳላልኩለት እያየች የሰበሰበችውን እጅጌ ቀስ ብላ ወደ ታች እየመለሰች ነው።

እጄን እሽጉ ላይ ጫንኩና ቃሉን አልኩለት። ኃይለየሱስ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሚን» አለ። እሱ ሲወጣ እጄን በአልኮል ሁለቴ አሸሁና አዴ ዳሃቦን ወጋኋት።