ስሙ በቃለ ጉባኤ ይያዝ

ልጄ ትናንት ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። በሆዷ የነበረችው ሴት ልጅ በስድስት ወሯ ከጠፋችባት ወዲህ ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

«እማ፣ ሐኪሙ ግሩፕ ቴራፒ ግቢ አለኝ። ሰዎች ክብ ሠርተው እየተቀመጡ፣ የደረሰባቸውን እየተነጋገሩ አብረው ይድናሉ አለ።»

«አወቅሁት» አልኳት። «ግምገማ ነው።»

ሳቀች። ከሐዘኗ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከቡሬ ገባ ብላ ባለች ቀበሌ ተድሬ የመጀመሪያ ልጄን በጥቅምት መጨረሻ ወለድኩ። በሃያ ሦስት ቀኑ ሞተ። ክርስትና ስላልተነሳ ስም የለው፣ ለቅሶ የለው፣ ተዝካር የለው። ሰው ሁሉ «ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ይለኝና ስለ ጤፉ ወሬውን ይቀጥላል። አማቴ ደግሞ ምች ነው የገደለው አሉ። እውነትም በዚያው ሳምንት ያለ ወቅቱ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ የተሰጣው በርበሬ እንዳይበሰብስ ብዬ፣ አራስነቴን ረስቼ ልጄን እንደታቀፍኩ ወጥቻለሁ። ለበርበሬ ስል ልጄን ገደልኩ ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። ባሌ ቢጨንቀው በበቅሎ ጭኖ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። መንገዱ ግራና ቀኙ በርበሬ የተሰጣበት፣ ቀይ በቀይ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ደረስኩ።

ከአዲስ አበባ ሱሪ የለበሰች ሲስተር መጥታ ኖሯል። እንቅልፍና እህል እምቢ ያለንን ሰብስባ አግዳሚዎቹን ክብ አስደረገች። «እያንዳንዳችሁ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ። እዚህ ማንም አይወቀስም» አለች።

ቀበሌው ሰውን እየሰበሰበ ጥፋትህን ተናዘዝ በሚልበት በዚያ ዘመን ክብ ሠርታችሁ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ ከተባለ ከግምገማ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ማንም አይወቀስም የሚለውንማ ከስንቱ ሰምተነዋል።

በሬያቸው ገደል የገባባቸው አያ ደሴ፣ የቀበሌ ስብሰባ የማያመልጣቸው ሰው፣ ብድግ አሉ። «ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ግምገማ የለም! መሪጌታ ይጻፉ!» ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰው አላናግር ያሉት መሪጌታ ደብተሩን ከሲስተሯ እጅ ተቀበሉ።

«ግለ ሂስ አቀርባለሁ» አሉ አያ ደሴ። «እርከን ሥራ ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። የእቴ ጥሩን ድንበር በአንድ ትልም ገፍቻለሁ።»

እቴ ጥሩ፣ ጎረቤታቸው፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል! «ኧረ አንተ ሌባ! በሦስት በል እንጂ!»

«ሂሱን ተቀብያለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «በሬዬንም የገደልኩት እኔው ነኝ። እንደደከመው እያየሁ፣ ያቺኑ ትልም ልጨምር ብዬ አፋፍ ለአፋፍ ነዳሁት። አሁን ቀንበሩን አቅፌ ይቅር በለኝ እለዋለሁ።»

እቴ ጥሩ ለስድብ የከፈቱትን አፍ ዘጉ።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ግምገማ ነው ብዬ ባልፈራ ኖሮ አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። «ግለ ሂስ አቀርባለሁ» ብዬ በርበሬውንም፣ ምቹንም ዘረገፍኩት።

«ምች?» ብለው ጮኹ እቴ ጥሩ። «እኔ በአራስነቴ ገበያ ወርጃለሁ! ሰባት ወልጄ የሞተብኝ አንዱ ነው፤ እሱም ከጓዳ ያላወጣሁት!»

መሪጌታ ቀና አሉ። «የሕፃኑ ስም?»

«ክርስትና አልደረሰም፣ መሪጌታ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ቃለ ጉባኤ ያለ ስም አይያዝም። አንቺ ማን ትይው ነበር?»

እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ማሩ» አልኩ።

ጻፉትና እንደ ዜማ እየሳቡ አነበቡት። የምንችል ፈረምን፣ ሌላው የጣት አሻራ አኖረ። እቴ ጥሩ ከአገልግላቸው ድንች አውጥተው በድልህ ለቅልቀው አጎረሱኝ። አቃጠለኝ፤ በድልሁ አሳብቤ እዬዬ አልኩ። ሁሉም አብረውኝ አለቀሱ፣ ሲስተሯም ጭምር። የማሩ ለቅሶ ያ ነው።

ሲስተሯ ግምገማ አይደለም ብላ ብታስረዳም ሰሚ አላገኘችም፤ በየሳምንቱ እየመጣን ራሳችንን ገመገምን። አያ ደሴ ትልሟን መለሱ። እቴ ጥሩ ግን እስኪሞቱ ድረስ ሁለቱ ቀርተዋል ይሉ ነበር።

ልጄ ይህን ሁሉ በስልኩ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እማ፣ እዚያማ ቃለ ጉባኤ አይያዝም። የተነገረው እዚያው ይቀራል አሉ።»

ወይ ጉድ! ከመስኮቱ ላይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«እንግዲያው እኔ እይዛለሁ፣ እናቴ» አልኳት። «ስሟ ማን ነበር?»