አለኝታ እንዳይሮጥ

ጦጣዎቹ ከወንዙ ዳር ዋርካ የወረዱት ፀሐይ የሩዙን ጫፍ መንካት ስትጀምር ነበር። አማከለች ማማዋ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንጠላጠለ ወደ ማሳዋ ይመጣሉ። እንደ ወትሮዋ ድምጿን ለቀቀችው።

*ቢጫ ለብሶ ቆመ ሩዙ እንደ ሙሽራ፣*
*አንተ ካልጠበቅከው ማንን ብዬ ልጥራ።*

ይህች ዜማ ስትሰማ አለኝታ፣ ቀዩ ውሻዋ፣ ከማማው ሥር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት፤ እሷ ታዜማለች፣ እሱ ይሮጣል። ዛሬም ተነሣ። አሥር እርምጃ ያህል ከሮጠ በኋላ የኋላ እግሮቹ ከዱት፤ ሩዙ ውስጥ ተዘረጋ። ዜማው ገና አየሩ ላይ ነውና እንደ ምንም ተነሥቶ ሊሮጥ ሲታገል ሸና። ሽንቱ እንደ ጠላ አተላ ጠቁሯል።

አማከለች ከማማው እንዴት እንደ ወረደች አታውቅም።

የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው አማከለችን የሚያውቃት በጉሮሮዋ ነው። ከጣራ ገዳም ሥር ተድራ ወደ ሜዳው ስትወርድ ይዛው የመጣችው ጥሪት ድምጿ ነው ይባላል። በሠርግ እሷ ካልተቀበለች ጭፈራው አይሞቅም፤ በለቅሶ እሷ ካላወረደች እንባ አይወርድም። ባሏ ታደለ የሞተ ጊዜ ግን ሦስት ቀን ድምጿ ጠፋ። የመለሰላት አለኝታ ነው፤ ታደለ ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣላት ቡችላ። ልጇ ፀደይ አግብታ ወረታ ከተማ ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ በየማሳው ሁለትና ሦስት ሰው ሲያቆም፣ አማከለች ያላት ጉሮሮዋና ይህ ውሻ ነው። ጦጣ ደግሞ ክፉ ነው፤ ቀሚስ ለባሽ ካየ አይሸሽም። ሴት ብትጮህበት ተቀምጦ ያኝክባታል።

በጥቅምት የእንስሳት ሐኪሟ ንጋት ውሾችን ልትከትብ ቀበሌው መጥታ ነበር። አለኝታን ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች።

«እትዬ አማከለች፣ ይህ ውሻ ሥራ በዝቶበታል። እንዲህ ከነጋ እስኪመሽ ሲሮጥ ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ነገር ይቃጠላል። ከቃጠሎው ደግሞ ብረት እንደሚበላ ዝገት ያለ ነገር ይወጣል። ሰውነቱ የራሱ ዝገት ከልካይ አለው፤ እኛ አንቲኦክሲዳንት እንለዋለን። ሥራው ሲበዛ ግን ከልካዩ ያንሳል። እንቁላል ቢጤ ይስጡት። ደግሞም ያሳርፉት።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር አማከለች ልብ ውስጥ የቀረው «ዝገት ከልካይ» የሚለው ነው። «ያሳርፉት» የሚለውን አልሰማችም ማለት ይቻላል፤ ሩዝ ሲበስል ማን ያርፋል? በዚያው ሰሞን ሬዲዮኑ ነጭ ሽንኩርት ለሰው ልጅ ሁነኛ ዝገት ከልካይ ነው ሲል ሰማች። ሬዲዮኑ ባይልስ? ምች ሲመታ ነጭ ሽንኩርት፣ ሆድ ሲነፋ ነጭ ሽንኩርት፤ ታደለንም እስከ መጨረሻው ያቆየችው በሱ ነው። ሙቀጫዋን አወጣች። በየማለዳው ሦስት ራስ ሙሉ እየወቀጠች ከሊጥ ጋር ለወሰች። አለኝታ አልበላም ብሎ ፊቱን ሲያዞር በጉልበቷ ይዛ መንጋጋውን ከፍታ አጎረሰችው።

«ዋጠው፣ አንጀቴ! መድኃኒት ጣፍጦ አያውቅም» ትለዋለች።

ውሻው ደከመ። እሷም ዝገቱ በርትቶበት ነው ብላ ሦስቱን ራስ አምስት አደረገችው።

አሁን ከሩዙ መሀል አቅፋው ቁጭ ብላለች። ልቡ መዳፏ ሥር እንደ ተያዘች ወፍ ይርገበገባል። አያ የኋላሸት፣ የጎን ማሳ ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

«ምን ሆነ?»

«ወረታ፣ ሐኪሟ ዘንድ ልወስደው ነው፣ አያ።»

«ማንን? ውሻውን?» ሳቁባት። «ኧረ አንች ሴት! ሩዙን ለማን ጥለሽ? እነዚያን አታይም?»

አየቻቸው። ጦጣዎቹ ዳር ላይ ደርሰው ዘለላውን በሁለት እጃቸው እየላጉ ነው። የዓመት ቀለቧ ነው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ውሻውን ጠቀለለችበት።

«በነጠላሽ? ቤተ ክርስቲያን በምትሳለሚበት ነጠላ?»

«ይታጠባል፣ አያ። እሱ ከሞተ ግን በምን አጥቤ አመጣዋለሁ?»

አስፋልቱ ድረስ ተሸክማው ሄደች። የመጀመሪያው ባጃጅ ውሻ መሆኑን ሲያይ ነድቶ አለፈ። ሁለተኛው ቆሞ አንገቱን አወጣ። «እማ፣ በሕፃን ደንብ ጠቅልለው ሊሸውዱኝ ነው? ጅራቱ ወጥቷል እኮ!» አማከለች ጅራቱን ወደ ነጠላው መልሳ ሸፈነችው። ልጁ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ። «እሽ ይግቡ፤ ከእግርዎ ሥር ያድርጉት።» መንገዱን ሙሉ እጇን ከውሻው ደረት አላነሣችም።

ወረታ፣ የእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ፣ ንጋት የአለኝታን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጠች። ድዱ እንደ ጥጥ ነጥቷል።

«ደም የለውም። ሰሞኑን ምን ሲበላ ነበር?»

አማከለች ቀና አለች፤ ለዚህ ጥያቄ እንኳ አታፍርም። «አንች ያልሽውን ነው ልጄ! ዝገት ከልካዩን። ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት ራስ፤ በኋላም አምስት። አንድ ቀን አላስታጎልሁም።»

ንጋት የያዘችውን ከንፈር ቀስ ብላ ለቀቀች። አማከለችም ያን ዓይነት ፊት ከለቅሶ ቤት ታውቀዋለች።

«እትዬ… ለሰው መድኃኒት ነው። ለውሻ ግን ዝገቱ ራሱ ነው። ሽንኩርት የሚባል ዘር ሁሉ የውሻን ደም ያቃጥላል። ሽንቱን ያጠቆረው እሱ ነው።»

አማከለች እጆቿን አየቻቸው። ጣቶቿ አሁንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። በልቧ ውስጥ፣ ሳትፈልገው፣ ግጥም ወረደ።

*በገዛ ሙቀጫዬ በገዛ ዘነዘና፣*
*ዘበኛዬን ወቀጥሁ መድኃኒት አልኩና።*

«ማርከሻ ስጭኝ» አለች። «ያንን የዝገት ከልካይ ክኒን ስጭኝ፤ በኪሎም ቢሆን!»

«እሱም ሲበዛ ይጎዳል፤ ደግሞ እንዳይደገም» አለች ንጋት፤ አነጋገሯ ግን ቁጣ አልነበረበትም። ግሉኮስ ሰቀለችለት፣ መርፌም ወጋችው። «የቀረው የሱ ፋንታ ነው። ደሙን ራሱ ይተካል፣ ጊዜ ካገኘ። ይህችን ሦስት ቀን ካለፈ ተስፋ አለው። ነገር ግን እንዳይሮጥ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሮጥ ያ የቀረው ደም አይበቃውም፤ ልቡ ትቆማለች። ሰሙኝ? አንድ ጊዜ እንኳ።»

ቤት መልሳ አሰረችው። ገመዱን አኝኮ በጥሶ፣ እየተንገዳገደ ማሳው ድረስ መጣባት። እሷን ካላየ አይተኛም። ስለዚህ ማማው ሥር፣ ዓይኑ እንዲያያት፣ በጠፍር አሰረችው። እዚያ ፀጥ ብሎ ተኛ። ጦጣዎቹ ሲመጡ አማከለች አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ሳበች። አለኝታ ጆሮውን አቆመ። ጠፍሩ ተወጠረ።

አፏን ዘጋች።

ያን ቀን፣ ታደለ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ የሌላት ሴት ሆና በሩዙ ውስጥ ሮጠች። አልጮኸች፣ ቆርቆሮ አልመታች፤ ወንጭፍ ብቻ። በዚህ ዳር ስታባርር በዚያ ዳር ይገባሉ። ቀሚሷን አይተው አልሸሿትም፤ ትልቁ ጦጣ ዘለላ እያኘከ ተመለከታት። በየመሀሉ ተመልሳ የአለኝታን ደረት ትዳስሳለች። አለ። ትሮጣለች። ትመለሳለች። አለ።

ከሩጫው ተመልሳ በሁለተኛው ቀን እንቁላል ስትቀቅል ጎረቤቷ ካሳነሽ በበሩ ብቅ አለች። «ኧረ በስመ አብ! በነቢያት ጾም?»

«ለአለኝታ ነው።»

«እሱ አይጾምም?»

«አምስት ራስ ሽንኩርት ጾሟል» አለች አማከለች፤ ካሳነሽ ባይገባትም ፊቷን አይታ ሳቋን ተወች።

አለኝታ እንቁላሉን አሸተተና ተወው። ጀርባዋን ስትሰጠው በላው፤ ከእጇ መጉረስ ፈርቷል። ይህ ከሁሉ ይልቅ ቆረጣት።

በሦስተኛው ማለዳ ጦጣዎቹ በሁለት ወገን ገቡ። አማከለች ባንዱ ዳር ተንበርክካ ለወንጭፏ ድንጋይ ስትለቅም በሌላው ዳር አያ የኋላሸትን አየች፤ ዱላቸውን እያወዛወዙ ይሮጣሉ። ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን እያርገበገበች ወደ ሳቸው በረረች።

«ዝም ይበሉ፣ አያ! አለኝታ ይሰማዎታል! ከሰማ ይነሣል!»

«እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ፣ እያለከለኩ። «በዕድሜዬ ሳልጮህ ጦጣ አባርሬ አላውቅም እኮ!»

«ዛሬ ይልመዱ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ዱላቸውን አነሡ። ሁለቱ በዚያ ቢጫ ሜዳ ላይ እንደ ጥላ ወዲያና ወዲህ ሮጡ። ለወንድ ልብስ ጦጣው ሸሸ። ፀሐይ ስትበረታ ማሳው ከጦጣ ጸዳ፤ ከሩዙ ሲሶው ተላግቶ ነጭ ገለባ ቆሟል።

አማከለች ወደ ማማው ሄደች። አለኝታ ዓይኑን ከፍቶ ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ። ከንፈሩን ልትገልጥ እጇን ስትሰድ ሸሻት፤ ጠበቀችው። ቆይቶ አሸተታት። ጣቶቿን በአመድ ስትፈትጋቸው ሰንብታለች። አፈሙዙን ራሱ መዳፏ ላይ አኖረ።

ድዱን አየችው። ነጭ ነው። ከጥርሱ ሥር ግን፣ አንዲት ክር የምታህል፣ ቀላ ያለች መስመር ነበረች።

«ምን ይላል?» አሉ አያ የኋላሸት ከሩቅ፣ አሁንም በሹክሹክታ።

አልመለሰችላቸውም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ፣ እንዳይነሣ ግንባሩን ይዛ አዜመችለት።

*እኔም ዜማ ልተው አንተም ሩጫውን ተው፣*
*ሩዝ ለዓመት ይመጣል እንዳንተ ግን ማነው።*

አለኝታ ጆሮውን አቆመ። ጠፍሩ ግን አልተወጠረም።