ሳላነብላቸው የሰጠሁት ጽሑፍ

የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ንባብ ግን የለመድሁት ከትምህርት ቤት በፊት፣ አባቴ ዘንድ ነው። አባቴ ዱርቤቴ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። ዳዊት ስደግም አንድ ቃል ከዘለልሁ ከደጅ ሆነው እንኳ «ተመለሽ!» ይሉኛል። ባሕር ዳር ሥራ ያገኘሁትም በዚሁ ንባብ ነው። አንድ አዛውንት ጋዜጠኛ ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር።

ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው የሬዲዮ ዘጋቢ፣ ቀጥሎም የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። አሁን በግላቸው ለዚህም ለዚያም እየጻፉ፣ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ትንሽ መጽሔት ያዘጋጃሉ። እኔ ሳነብ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «እዚያ ጋ አነከሰ» ሲሉኝ አስተካክላለሁ። እንዲህ ስንሠራ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ «የሰው ማንበብ በቃሽ፤ የራስሽን ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ።

እኔ ሰው መጠየቅ አልችልም። ፊቴ ይግላል፣ ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ሳልጠይቅ የምሰማበት ቦታ ፈለግሁ። አጥማጆች ጀልባ የሚያስጠጉበት የሐይቁ ዳር ሄጄ፣ ሴቶች የዓሣ ቅርፊት ከሚፍቁበት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በማግስቱም ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን አንዷ፣ «ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው የምትመጣው?» አለች።

«ተዉአት» አሉ ከሁሉም የሚበልጡት ሴትዮ፣ ከቢላቸው ቀና ሳይሉ። «ዓሣም አይናገርም፤ እሷም አትናገርም። ይግባባሉ።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ እትዬ የምላቸው እኒያን ሴትዮ ነው። በመጽሔት እንደምሠራ፣ ከስድስተኛ ክፍል ብወጣም ስለ ሥራቸው መጻፍ እንደምፈልግ በሹክሹክታ ነገርኋቸው። «ጻፊ» አሉኝ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው አያርፍም። ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ዓሣ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ነጋዴዎች ያወራሉ።

አንድ ቀን ሌሎቹ ወደ ገበያ ሄደው ብቻችንን ቀረን። እትዬ ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ። ባላቸው ውሃ ላይ ያደገ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ማዕበል ጀልባውን ገልብጦበት፣ የሐይቁን የደንገል ሣር ጨብጦ ብዙ ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ቆየ። አጥማጆች አወጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐይቁን ሲያይ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። እትዬ ለሰው ሁሉ «ወገቡን አሞት ነው» ብለው ነው የሚናገሩት። «አጥማጅ ውሃ ፈራ ከሚባል ወገቡ ይሰበር፤ ወላሂ!» አሉና አንድ ቆሮሶ አንስተው መፋቅ ቀጠሉ።

ጻፍሁት። ከጽሑፌ ሁሉ ያማረው ያ አንቀጽ ነበር። ለጋሼ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ሳነብ ሲገልጡ አይቼ አላውቅም።

ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው። ሰው የነገረሽን ከጻፍሽ፣ ከመታተሙ በፊት ሄደሽ ለራሱ ታነቢለታለሽ። «አነበብሽላቸው?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ።

ስም ስላልጻፍሁ ምንም አይደል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣ እወጣለሁ። ባጃጅ ተሳፍሬ መንገድ ላይ እወርዳለሁ። በዚያ ዳርቻ ዓሣ የሚፍቁ፣ ባላቸው ወገቡን የታመመባቸው ስንት ሴቶች አሉ? አንድ ብቻ። መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ጧት ወረቀቱን ይዤ ወደ ሐይቁ ሮጥሁ።

ሴቶቹ ሁሉ ነበሩ። «የነገሩኝን ላነብልዎት ነው» አልሁ። እትዬ ቢላቸውን አስቀመጡ፤ ሌሎቹም ከበቡኝ። አነበብሁ። ስለ ነጋዴዎቹ ስደርስ አጨበጨቡ። ያ አንቀጽ ላይ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቆምሁ።

«ምነው ቆመች?» አለች አንዷ።

«ስድስተኛ ክፍል እዚህ ጋ አለቀ!» አለች ሌላዋ።

ሳቁ። እኔ አንቀጹን ዘልዬ መጨረሻውን አነበብሁ። እትዬ ደስ አላቸው። «ማሻ አላህ! ይውጣ፣ ይታተም» አሉኝ።

ፈቃድ አገኘሁ፤ ግን የግማሹን ነው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄድሁ። ተመለስሁ። እንደገና ሄድሁ። ስመለስ እትዬ ቅርፊት ሊደፉ ወደ ዳር ወርደው ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ የዘለልሁትን በቀስታ አነበብሁላቸው።

እጃቸውን በሐይቁ ውሃ ታጠቡ። ደግመው ታጠቡ።

«ይህን እኔ ነኝ የነገርሁሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አልነገርሁሽም። ለራሴ ነው ያወራሁት። አንቺ ዝም ስትዪ መኖርሽን ረስቼ ነው።»

«ስም አልጻፍሁም…»

«እሱ ማንበብ አይችልም። የሚያነብለት ሰው ግን አያጣም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ይቅር፣ ልጄ። ይህኛው ይቅር።»

ከዚያው ሆኜ ለጋሼ ደወልሁ። «አነበብሁላቸው አላልሽኝም ነበር?» አሉ።

«ዋሽቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ነይ» አሉኝ።

ስደርስ ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቷል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በወደድሁ። «በሬዲዮ ዘመኔ» አሉ፣ «አንድ ገበሬ ቤቱ አስገብቶ ያጫወተኝን ሁሉ አየር ላይ አዋልሁት። እኔም ስሙን አልጠራሁም። ተመልሼ ብሄድ በሩን ዘጋብኝ። ጎረቤቶቹ ቆመው ያዩኝ ነበር።» ከዚያ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው፤ በእጅሽ አጥፊው።»

አጠፋሁት። ከመካከሉ ባዶ ቦታ ቀረ። ሌላ የምሞላው ነገር ጠፋኝ። በመጨረሻ ጋሼ የጀልባ ፎቶ አስገቡበት። ጽሑፌ ወጣ። አጭር ነበር፤ ያነበቡት ሰዎችም «ደህና ነው» ከማለት በቀር ያሉት ነገር የለም። ጋሼ ለሁለት ወር የራሴን እንዳመጣ አልጠየቁኝም፤ የሰው ጽሑፍ ሳነብላቸው ከረምሁ።

ወደ ሐይቁ ለመሄድ ብዙ ቀን ፈራሁ። እየተነሣሁ እቀመጥ ነበር። ሲቸግረኝ መጽሔቱን ይዤ ሄድሁ። እትዬ ተቀብለው ፎቶውን አዩና «ይህ የማን ጀልባ ነው? አያምርም» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ያ የማያርፍ የእትዬ አፍ ግን ስለ ቅርፊት እንኳ አልተነፈሰም። በመካከላችን የቢላው ድምፅ ብቻ ነበር። ልነሣ ስል፣ «ቁጭ በይ» አሉኝ። «እስከዛሬ እኔ አወራሁ። ዛሬ አንቺ አውሪ፤ እኔ ልስማ።»

«ምን ልበል?»

«እኔ ያመጣልኝን አልነበር የማወራሽ? አንቺም ያመጣልሽን።»

ፊቴ ጋለ። ስለ አባቴ ጀመርሁ፤ ከደጅ ሆኖ ስለሚሰማው ጆሯቸው። ከዚያ አልፌ ትምህርቴን ለምን እንዳቋረጥሁ፣ ለማንም ያልነገርሁትን፣ መናገር ጀመርሁ። እትዬ ቅርፊታቸውን ይፍቃሉ። ግማሽ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከሴቶቹ ማን እየሰማኝ እንደሆነ ለማየት ዞር አልሁ።