ጠዳ መንገድ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬ የዳሽቦርድ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር አራዳ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ ሠራተኛ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ኮምፒውተሩን ሰካና፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «እማማ፣ ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» አለኝ። ሽቦዎቹን አይተሃቸዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ፤ በማግስቱም ሌላ ባለሙያ የላላ ሽቦ አጥብቆ በሩብ ሰዓት ገላገለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ ዳሽቦርዱ ሲፈታ የወጣው የሞቀ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ታፍኖ የኖረ ንዴቴን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነበር የምንኖረው። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር፤ ብርዱ ጣት የሚቆርጥበትን የዳባትና የደባርቅ ዳገት በአንዲት አረንጓዴ መኪና ሲመላለስበት የኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ አሞኛል ብሎ ያልቀረ ሰው። አንድ ክረምት የመኪናዋ የዳሽቦርድ መብራቶች ይበሩ ይጠፉ ጀመር። አባቴ ለጋራዡ ኃላፊ አመለከተ። ኃላፊው መኪናዋን ቆማ በነበረችበት ግቢ ውስጥ አስነሣት፤ መብራቱ ቦግ ብሎ በራ፤ ጥቂት ጠበቀ፣ አልጠፋም። በቃ። «ሹፌሩ ወደ ደጋ ላለመውጣት ሆን ብሎ ሽቦ ነካክቷል» ብሎ ጻፈበትና አባቴ ከሥራ ታገደ። አንዲት ቡሎን ሳይፈታ! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ሰውን ለመወንጀል ካቻቢቴ ማንሣት እንኳ አላስፈለገውም።

ጎረቤታችን አያ ፈንታ የቄስ ልጅ ነበር፤ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ከቅኔው ይልቅ የሽቦ ነገር ስቦት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ የቀረ፣ ሥራ ሲጀምር አማትቦ፣ ሲጨርስ ከግዕዙ የተረፈችውን ጥቂት ቃል የሚያጉተመትም። የአባቴን መታገድ ሲሰማ ማንም ሳይልከው መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሦስት ቀን ደጅ ጠና። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሰለቸው መሰል፣ ኃላፊው አብሮ ካለ መኪናዋ ትታይ ብሎ ፈቀደ።

አያ ፈንታ መሪውን ያዘና ከከተማው ወጣ ወዳለችው ጠዳ አቀናን። አባቴና ኃላፊው ሳይተያዩ ከኋላ ተቀመጡ። እኔን ከፊት ያስገባኝ አያ ፈንታ ነው፤ የዳሽቦርዱ መብራት በቀን ብርሃን ደህና አይታይምና፣ መሃል ላይ የነበረውን ሰሌዳ በጋቢው ሸፍኖ እኔን ከሥሩ ከተተኝ። «ሲጠፋ ጥሪ፣ የኔ ሸጋ» አለኝ። የቅቤና የቤንዚን ሽታ በተቀላቀለበት ጨለማ ውስጥ ላብ እያጠመቀኝ፣ የአባቴ እንጀራ ዓይኔ ላይ የተንጠለጠለ መስሎኝ እንዳልጨፍን እየታገልኩ አፈጠጥኩ። መንገዱ ልሙጥ ሲሆን ዝም፤ ጉድጓድ ስንገባ «ጠፋ!»፣ ስንወጣ «በራ!» እላለሁ። ኃላፊው ከኋላ፣ «እንግዲህ መኪና በሕፃን ጩኸት ሊመረመር ነው?» እያለ ያሾፋል። አያ ፈንታ ዞሮ ያንኑ ጉድጓድ ሦስቴ ገባበት። ሦስቴም ጠፋ።

ጠዳ ሳንደርስ መንገድ ዳር አቁሞ ዳሽቦርዱን ፈታ፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ብዙ ከዳበሰ በኋላም ሽቦዎቹ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰሩባትን ቡሎን አገኛት። ዝጋ፣ ላልታ፣ በጣት ትዞራለች። በቢላዋ ፍቆ አጠበቃትና በዚያው ጉድጓድ መለሰን። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። «በርቷል! በርቷል!» እያልኩ ስጮህ አባቴ ከኋላ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

ኃላፊው ግን፣ «ሹፌሩ ራሱ አላልቷት ይሆናል» አለ። አያ ፈንታ መኪናዋን አቆመ። መዳፉ ላይ የቀረውን ቀይ ዝገት አፍንጫው ሥር አቀረበለትና፣ «ምነው ጌታው? ይህ ያንድ ሌሊት ዝገት ነው? የከሰስኸው ሰው ነው እኮ!» አለው። ኃላፊው ፊቱን አዙሮ በመስኮት የገበሬ ማሳ ያይ ጀመር።

አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይቅርታ ያለው ግን የለም። ኃላፊው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አንሸራትቶ፣ «ደባርቅ ዕቃ ይጠብቅሃል» ነው ያለው።

ከዚያ በፊት አባቴ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር፤ የሰፈሩን ሬዲዮ የሚፈታው፣ የተጣመመ በር የሚያቃናው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ምንም መንካት ተወ። የቤታችን አምፖል ሲቃጠል እንኳ አያ ፈንታን አስጠርቶ አጠገቡ ያቆመውና እየቀየረ፣ «እየኝ፣ ሌላ ነገር አልነካሁም» ይለዋል። አያ ፈንታም ሥራውን ትቶ ይመጣና ዝም ብሎ ይቆምለታል። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። እኔማ ወጥ ስጨልፍ፣ «እዩኝ፣ ሌላ ነገር አልነካሁም» እያልኩ አስመስለው ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል፤ እጆቹን ግን ከጋቢው ሥር አያወጣም።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ያ ኃላፊ ከአባቴ የወሰደበት የጥቂት ሳምንት ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር ባልኩት። የወሰደበት ግን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጆቹ ፊት፣ ያለ ምስክር እጁን መዘርጋትን ነው። እኔም ያንን አይቼ ነው የሳቅሁት።