«ቦታ ለቀዋል» የተባሉት

ከሚዛን ተፈሪ የተነሣሁት በኅዳር፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። የያዝኩት ወረቀት ላይ በቴፒ ዙሪያ የሚኖሩ የሰባት አረጋውያን ስም ነበር። በጤና ጥናቱ የመጀመሪያ ዙር የጠየቅኋቸው ነርስ እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዙር ግን ሰባቱም «ቦታ ለቀዋል» ተባሉ። የተገኙት ብቻ ተጠይቀው የአረጋውያን ጤና ተሻሻለ የሚል ሪፖርት ወጣ። በዚህም ሰበብ ነርሶች ቤት ለቤት መድኃኒት የሚያደርሱበት ጉብኝት ሊቆም ነው። እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ አልነበርኩም። ከጥናቱ አስተባባሪ ጋር ተጣልተን ከሥራው ወጥቻለሁ፤ በምን እንደተጣላን ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህም አልጽፍም።

ቴፒ፣ ረፋድ ላይ

ሚኒባሱ በጭቃው ሁለቴ ተያዘ። ቴፒ ደርሼ ቅቅል ጎደሬ በሚጥሚጣ በላሁና በባጃጅ፣ ቀጥሎም በእግሬ ወደ መንደሩ ገባሁ። ከሰባቱ ሁለቱን መቃብራቸው ላይ አገኘኋቸው። አንደኛው ማሻ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። በእውነት ቦታ የለቀቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እማማ ዘነበች ቤት

በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል። ጎረቤታቸው አባባ መንገሻ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የተሰጣ ቡና ከዶሮ ይጠብቃሉ።

«እማማ ዘነበች የሉም?»

«ወዴት ይሄዳሉ? ቤተሰቡ ቡና ለቀማ ጫካ ወርዷል፤ ፍየል እንዳይገባባቸው በሩን አስረውባቸው ነው።»

«ለጥናቱ የመጡት ሰዎች አልጠየቁዎትም?»

«እኔንማ ጠይቀውኛል። ደህና ነኝ አልኩ፤ ደህና ነኝ እኮ። የእሳቸውን በር አዩና ጽፈው ሄዱ።»

የዚህ አገር ሰው በለቀማ ወቅት እንዲህ ያደርጋል። የበረታ ሽማግሌ ደጅ ሆኖ ቡና ይጠብቃል፤ መነሣት ያቃተው ውስጥ ሆኖ በሩ ይታሰርበታል። ጠያቂዎቹ ደጅ ያለውን አነጋግረው አለፉ። ገመዱን ፈታሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ነርሷ።»

«ሲስተር? ሞተሻል ብዬ ነበር።»

«እርስዎንም ቦታ ለቀዋል ብለው ጽፈዋል።»

«በየትኛው እግሬ?» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

እግራቸው አብጧል። የደም ግፊት ክኒናቸው ካለቀ ቆይቷል። «የዚያን ቀን አለሁ ብዬ ተጣርቼ ነበር» አሉኝ፤ «ድምፄ በሩን አላለፈም።»

የቀሩት ሦስቱም እንደዚሁ ውስጥ ነበሩ።

ሚዛን፣ ረቡዕ ከሰዓት

በቀጥታ ወደ አስተባባሪው ቢሮ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ዛሬም ለጠብ ነው?»

«አንብበው» አልኩና የጻፍኩትን ሰጠሁት። «ደጅ የተቀመጠውን ጠይቃችሁ፣ አልጋ ላይ ስለተኛው መሰከራችሁ።»

ሁለቴ አነበበው። ሲያፍር አይቼ ለመደሰት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ጠያቂዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ይህን ከየት ያውቁታል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንቺ ታውቂ ነበር። ለምን አልነገርሽንም?»

ማንም አላባረረኝም። በገዛ ፈቃዴ ነው የወጣሁት፤ ያለ እኔ ይሳካልህ እንደሆነ እናያለን ብዬው። ወረቀቱን እጁ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ጥናት የሚያሳስተው በተገኘው ሰው ብቻ ሲፈርድ እንደሆነ ለእሱ ላስተምረው ነበር የሄድኩት፤ ከጥናቱ ከጎደሉት አንዷ ግን እኔ ነበርኩ። ለእማማ ዘነበች ክኒን በሚኒባስ ልኬያለሁ። ስለ ጉብኝቱ መቆም አለመቆም እስካሁን የነገረኝ የለም፤ ሄጄም አልጠየቅሁም።