የአባባ ባርኔጣ

ትናንት ዳባት ላይ፣ ሾፌራችን በማርያም ደጅ ሲያልፍ ኮፍያውን አወለቀ። የልጅነቴ መስከረም ትዝ አለኝ።

እናቴ ልትወልድ ጎንደር ሆስፒታል ገብታ፣ አባባና እኔ ልናመጣት ከደባርቅ በአውቶቡስ እየሄድን ነበር። በመስኮቱ የእርጥብ ገብስ ሽታ ይገባል። ማርያም ጋ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሲሳለም አባባ ባርኔጣውን አላወለቀም።

«አባባ፣ ማርያም እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ተኳርፈናል።»

ከማርያም ጋር መኳረፍ እንዳለ አላውቅም ነበር። ኮሶዬ ላይ ሰው ሁሉ ገደሉን ሊያይ ሲወርድ እሱ ከወንበሩ አልተነሳም።

ስንመለስ እናቴ መሀላችን ተቀመጠች። ጭኗ ላይ የተጣጠፈ የሕፃን ፎጣ ብቻ ነበር። ሕፃኑ የታለ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። ማርያም ጋ ስንደርስ ተሳለመች፤ ከዚያ ባርኔጣውን ከአባባ ራስ ላይ አንስታ ፎጣው ላይ አስቀመጠችው።

አባባና ማርያም ያን ቀን ይታረቁ አይታረቁ፣ ዛሬም አላውቅም።