እምቢ የማይባል ሳህን

ናዚሃን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ቀይራዋን ከተማ ውስጥ አንድ ሰፈር ብንኖርም ከሰላምታ ያለፈ ወግ አልነበረንም። ስለ እሷ የምጽፈው አንድ ቀን አብረን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለዋልን ነው፤ እሱንም ቢሆን በትክክል መረዳቴን እጠራጠራለሁ።

ሱሳ ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል፣ በእርግዝናቸው ጊዜ የስኳር በሽታ የታየባቸውን ሴቶችና የሚያክሟቸውን ባለሙያዎች አንድ ላይ ጠርቶ ነበር። ተመራማሪዎች ወደፊት የትኛውን ጥያቄ ቢያጠኑ እንደሚሻል እንድንመርጥ ነው የተፈለገው። ከብዙ ሰው የተሰበሰቡ ጥያቄዎች በየካርዱ ተጽፈው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ተነጋግረን አሥሩን አስቀርተን ሌላውን መጣል ነበረብን።

እኔ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ስኳር ስለነበረብኝ ተጠራሁ። ናዚሃን እዚያ ሳያት ግን ደነገጥኩ። እሷ ስኳር እንደነበረባት ሰፈራችን ውስጥ የሰማ አልነበረም። እሷም ስታየኝ ሻሿን ወደ ፊት ሳበችና ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ ሌላ ባዶ ወንበር አልነበረም።

ከጠረጴዛችን ባለሙያዎች አንዷ፣ በቀይራዋን ለብዙ ዓመት ያዋለደችው ማዳም ራዲያ፣ አንድ ካርድ አንስታ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ስኳሯን ከቤተሰቧ የምትደብቅ እርጉዝ እንዴት ትታከም?› ይላል። ይሄ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? አፏን ከፍታ ትናገራ! ይልቅ ሲዋሹን የምናውቅበት ዘዴ ይጠናልን። ከንፈራቸው ላይ ማሩ ሳይደርቅ ‹ማዳም፣ ጣፋጭ ባፌ አልዞረም› ይሉኛል።»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማዳም ራዲያ ካርዱን ወደሚጣሉት ልትገፋው ስትል ናዚሃ እጇን ካርዱ ላይ ጣል አደረገች።

«ይቆይ» አለች።

«ለምን ይቆያል፣ የኔ እህት?»

«አንዲት የማውቃት ሴት አለች። እህቷ ልትታጭ ነበር። እናትና አባታቸው ስኳር አለባቸው። እሷም አለባት ከተባለ ‹ከዘር ነው› ብለው የሚያጫት ልጅ ቤተሰቦች ትተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ዝም አለች።»

«ዝም ትበል እሺ። ያንን ጣፋጭ ማክሩድ ማን በግድ አጎረሳት?»

«ማዳም፣ እርስዎ የቀይራዋን ሰው አይደሉም እንዴ? ጎረቤት ጠብሳ ማር ውስጥ የነከረችውን ትኩስ ማክሩድ በሳህን ይዛ ትመጣለች። ‹ሽታው ደርሶሻል፣ ካልቀመስሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል› ትላለች። አማቷ ቆማ ታያለች። ይህች ሴት ምን ብላ ትመልሰው?»

ያ ሳህን እምቢ እንደማይባል ሁላችንም እናውቃለን። እምቢ የምትል እርጉዝ ወይ ጎረቤቷን ንቃለች፣ ወይ የምትደብቀው በሽታ አለባት።

«ከዚያስ?» አለች ማዳም ራዲያ።

ናዚሃ ካርዱን እያየች ነው የተናገረችው። «ሴትየዋ እኔ ነኝ። ልጄ በስኳሩ ገዝፎ ሲወለድ ትከሻው መውጫው ላይ ተያዘ። ለጥየቃ የመጣው ሰው ሁሉ ‹ማሻአላህ፣ ይሄ አንበሳ!› አለኝ። አማቴ ለሰው እያሳየች ኮራች። አንድ እጁ እንደማይነሳ ያወቁት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ‹የሰው ዓይን ነው› ይላሉ፤ እኔም ‹አዎ፣ ዓይን ነው› እላለሁ።»

እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ስቆነጥር ነበር።

«መብላትሽን ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮስ?» አለች ማዳም ራዲያ።

«ይቆጡኝ ነበር።»

አዋላጇ ፊቷ ቀላ። «አዎ» አለች፣ «እቆጣሽ ነበር።» ካርዱን ከናዚሃ እጅ ሥር ቀስ ብላ አውጥታ ከሚቀሩት ጋር አኖረችው።

ከሰዓት በኋላ ስለ መርፌና ስለ ኪኒን ረጅም ክርክር ሆነ። የናዚሃ ካርድ አንደኛ አልወጣም፤ ከአሥሩ ውስጥ ግን ቀረ። እሷ ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ ተነስታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ወደ ቀይራዋን የተመለስነው በአንድ ታክሲ፣ ከኋላ ተጣብቀን ነው። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከፍቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አልለመደብኝም፤ ግን አመለጠኝ።

«ለአማትሽስ ትነግሪያቸው ይሆን?»

በመስኮቱ መንገድ ዳር ወዳሉት የወይራ ዛፎች ዞረች።

«ሹፌሩን ሬዲዮውን ቀንስ በይልኝ እስቲ» አለች።

ነገርኩት፤ ቀነሰው። ጥያቄዬን ግን አልደገምኩትም።